ለብቻ የተቀመጠ ሳህን

በአማርኛ ከባዱ ቃል የትኛው ነው ብትሉኝ «እወድሻለሁ» አልልም፤ «አጥፍቻለሁ»ም አልልም። «አልበላም» ነው። ይህን ቃል ከአፋችሁ አውጥታችሁ በሰላም ቤታችሁ የገባችሁበት ቀን ካለ እስቲ ንገሩኝ። መጀመሪያ «ምነው?» ይመጣል። ቀጥሎ «በሞቴ» ይመጣል። «በሞቴ» ካልሠራ «አፈር ስሆን» ይከተላል። እንግዲህ አንድ ሰው ስለ አንዲት ጥቅልል እንጀራ ብሎ ፊታችሁ ሞቶ፣ ተቀብሮ፣ አፈርም ከሆነላችሁ በኋላ እምቢ የምትሉት በምን አንጀታችሁ ነው? እኔም የቸገረኝ ይኸው ነው።

የበሽታዬን ስም ሐኪሙ በፈረንጅ አፍ ነግሮኛል። በእኛ ሲመለስ «ስንዴ ጠላትህ ነው» ማለት ነው። ስንዴና ገብስ ውስጥ ግሉተን የሚሉት ነገር አለ፤ የእናንተን ዳቦ የሚያለሰልስ፣ የእኔን አንጀት ደግሞ የሚልጥ። ብዙ መብላት አያስፈልግም፣ ፍርፋሪ ትበቃለች። ዳቦ የቆረጠ ቢላዋ ሳይታጠብ ሽንኩርት ቢከተፍበት ይበቃል። የአገሬ ሰው ስኳር የሚከለከል ሰው ያውቃል፣ ጨው የሚከለከል ሰውም ያውቃል፤ ስንዴ የሚከለከል ሰው ግን ሰምቶ አያውቅም። አንዲት አክስቴማ ነገሩን በጽሞና ካዳመጡኝ በኋላ ወደ ሚስቴ ጠጋ ብለው፣ ስንዴ እኮ ሥጋ ወደሙ የሚዘጋጅበት እህል ነው፣ እሱን የሚጠላ ሌላ ነገር ነው እንጂ ሆድ አይደለም፣ እባክሽ ጠበል ውሰጂው ብለዋታል። ተወስጃለሁም። ጠበሉ አልጎዳኝም፤ ከጠበሉ በኋላ የቀረበልኝ ዳቦ ነው የጎዳኝ።

ይህን ስላችሁ እየቀለድኩ እንዳይመስላችሁ፤ እፈራለሁ። ባለፈው ዓመት ማሻ ከተማ ለሥራ ሄጄ አንድ ወዳጄ ልጁን አስመርቆ ጠራኝ። ሁሉንም እምቢ ብዬ፣ ሞቱንም አፈር መሆኑንም ተሻግሬ ነበር። በመጨረሻ እሱ ራሱ ከመቀመጫው ተነሥቶ፣ ንጹሕ ጤፍ ነው ብሎ ምሎ፣ የአፌን ልክ የማያውቅ ጉርሻ አጎረሰኝ። «ጉርሻና ፍቅር ሲያስጨንቅ ነው» ይባላል፤ ፍቅሩን እንጃ፣ ጉርሻው ግን አስጨንቆኛል። በማግስቱ ክሊኒክ አልጋ ላይ ግሉኮስ ተሰክቶልኝ፣ መቆም አቅቶኝ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ተኝቼ ሳለ ነርሷ በሹክሹክታ «የቤተሰቡ ስልክ ያለው ሰው የለም?» ስትል ሰማኋት። ያቺ ሹክሹክታ ከዚያ ወዲህ በቀረበልኝ ትሪ ሁሉ ላይ ትቀርባለች። እናንተ ከትሪ የወጥ ሽታ ታሸታላችሁ፤ እኔ ነርሷን እሰማለሁ።

ሥራ ሲቀዘቅዝ ስልኬን ከፍቼ እንደ እኔ ያሉ በሽተኞች በሌላው ዓለም እንዴት እንደሚኖሩ አነባለሁ። ፈረንጆቹ ታድለዋል። ውቅያኖስ መሀል ወዳለ ደሴት ለሽርሽር ይሄዱና ዓሣ በሩዝ፣ ማንጎ በኮኮናት ይበላሉ። ወጥ ቤቱ ወጥቶ እጅ ነሥቶ ምን እንደሚያማቸው ይጠይቃቸዋል፣ መጥበሻውን ይለይላቸዋል፣ ከዚያ «በጉዞዬ አንዴም ሳልፈራ በላሁ» ብለው ከነፎቶው ይጽፋሉ። እኔ የቡና መፈልፈያ ማሽን ጠጋኝ ነኝ። ደሴት የሚልከኝ የለም። አንድ ቡና ነጋዴ ግን ቴፒ ላከኝ።

መጀመሪያ ደስ አለኝ። ቴፒን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፦ ሙቀቱ፣ ዝናቡ፣ ሙዙ፣ አናናሱ፣ በየጓሮው ጆሮውን የዘረጋው ጎደሬ፣ ዙሪያውን እንደ ባሕር የከበባት ጫካ። ደሴት ማለት ከዚህ ሌላ ምንድን ነው? በዚያ ላይ ስንዴ አይበቅልባትም። ጠላቴ ሥር የማይሰድበት አገር ልሄድ ነው ብዬ ሻንጣዬን በደስታ ሸከፍኩ። የረሳሁት ነገር ቢኖር አይሱዙ መኪና መፈጠሩን ነው። ስንዴ በማይበቅልበት አገር ስንዴ አይጠፋም፤ ይከበራል እንጂ። ጎደሬ ከጓሮ ስለሚነቀል እንግዳ ሲመጣ የሚደበቅ ምግብ ነው፤ ዳቦ ግን ከሱቅ ስለሚገዛ የእንግዳ ማክበሪያ ነው። ሚዛን ተፈሪ ባረፍኩበት ቀን የቁርሱን ዳቦ፣ የምሳውን ፓስታ፣ የእራቱን ፍርፍር በየተራ ሸሽቼ ሙዝ ብቻ በልቼ አደርኩ። ቴፒ ስገባ ዝንጀሮ የሚያስቀና ሰው ሆኜ ነበር።

ቴፒ ምግብ የምበላው እትዬ ብርቄ ቤት ነበር። እትዬ ብርቄ ባል የሞተባቸው፣ ሆደ ቡቡ፣ የሰው ረኃብ የማይችሉ ሴት ናቸው። እንጀራው ምን ምን እንዳለበት ስጠይቃቸው ቅር እንደመሰኘት ብለው፣ ጤፍ ነው፣ በቆሎም አለበት፣ እንዲነጣ ደግሞ ጥቂት ፉርኖ ዱቄት ጣል አድርጌበታለሁ አሉኝ። ፉርኖ ማለት ያው ስንዴ ነው። ስንዴ መጨመራቸው ለእኔ ክብር መስሏቸው ምስጋና ይጠብቁ ነበር። እባክዎ ንጹሕ ጤፍ ለብቻ ይጋገርልኝ፣ ሳህኔ ይለይልኝ፣ ኩባያዬን ሌላ ሰው አይንካው ብዬ ለመንኳቸው። እሺ ይላሉ፤ ያዝናሉ፤ ይረሳሉ። «እኛ ቤት እኮ የሚያጸይፍ ሰው የለም» ብለው አንድ ቀን እንባ ሲቀርባቸው ጊዜ ልመናዬን ልተው ምንም አልቀረኝም።

ወጥ ቤታቸው በረንዳ ምሰሶ ላይ አንድ ምስማር ተመትቶ ነበር። ምስማሩ ላይ የቆርቆሮ ሳህንና ኩባያ ይንጠለጠላሉ። ማንም ሲበላበት አላየሁም፤ አበባ ማጠጫ ይሆናል ብዬ ነው የገመትኩት። አንድ ቀን ብልጠት መጣልኝና፣ ያ ሳህን ሥራ ከሌለው ለምን ለእኔ አይሆንም፣ ይታጠብና የግሌ ይሁን አልኳቸው። እትዬ ብርቄ ደንግጠው ማማተብ ጀመሩ።

«በእሱማ አይበሉም» አሉኝ። «ምን በወጣዎት!»

ነገሩ አልገባኝም። ፍርሃት ያለበት ሰው ደግሞ ያልገባውን ነገር አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ምን ምን እንደተጨመረበት ብቻ ነው።

እንዲህ እያልኩ፣ ትሪ ዙሪያ ሲጠሩኝ ጥርሴን እያመመኝ፣ ጉርሻ ሲመጣ እያስነጠሰኝ ሰነበትኩ። ከነጋዴው ሠራተኞች አንዱ መስፍን ይባላል። የቴፒ ልጅ ነው፤ በሞተር ብስክሌት ወደ ገበሬዎቹ የሚያመላልሰኝ፣ ሥራ ወዳድ፣ ሳቂታ ጎረምሳ። አንድ ረቡዕ ማታ፣ ነገ ከጫካው ውስጥ አንድ ገበሬ ቤት የተበላሸ መፈልፈያ አለ አለኝና አከለበት፦ «ጋሼ፣ እዚያ ቤት ምግብ አይቀርብልህም፤ አትስጋ።»

ልስመው ምንም አልቀረኝም። በዚህ ሰፊ አገር እንግዳን ብላ የማይል አንድ ቤት ተገኘ! ለምን እንደማይቀርብ መጠየቅ ነበረብኝ፤ ግን የምስራች እየተነገረው «ለምን?» የሚል ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ሐሙስ ጠዋት ሄድን። ጥቅምት ነበር፤ ቡናው ቀልቷል፣ ዝናቡ ግን ገና እግሩን አልሰበሰበም። መንገዱ ጭቃ፣ ከላይ ጉሬዛ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ይዘላል፣ ከታች ሞተራችን ይዋልላል። መሀል ላይ አንድ ጅረት አለ። ውኃው የሞተሩን ጎማ ግማሽ ዋጠው። መስፍን፣ ከባድ ዝናብ ከጣለ ይህ ጅረት ሰው አያሳልፍም፣ ቶሎ መመለስ አለብን አለኝ። እኔ ወዲያው ክሊኒኩን አሰብኩ። ሰው ሆዱን ሲፈራ መልክዓ ምድሩን ሁሉ የሚለካው ከክሊኒክ ባለው ርቀት ነው፤ ጅረቱን ስንሻገር ግሉኮሱም ነርሷም ከኋላዬ ቀሩ።

ገበሬው አቶ አድማሱ ይባላል። እኩያዬ ነው፤ ረጅም፣ ቁጥብ፣ አማርኛን በኋላ የተማረው በመሆኑ ትልቁንም ትንሹንም «አንተ» የሚል። እሱና ጥቂት ጎረቤቶቹ በጋራ የሚሠሩባት በእጅ የምትዞር መፈልፈያ በሣር ዳስ ሥር ቆማለች። ፈታኋት። ኩሽኔታዋ አልቋል፤ ከሻንጣዬ አውጥቼ ቀየርኩላት። አድማሱ አጠገቤ ቆሞ ዕቃ ያቀብለኛል። ታዲያ የብሎን ቁልፍ ስጠይቀው እጄ ላይ አያኖረውም፤ አጠገባችን የተጋደመ ግንድ ላይ ያስቀምጠውና እጁን ይሰበስባል፣ ከዚያ እኔ አነሣለሁ። ጠንቃቃ ሰው ነው ብዬ አለፍኩት። መስፍን ደግሞ ከአጥሩ ወዲህ አልገባም። ማንጎ ዛፍ ሥር ሞተሩ ላይ ተቀምጦ ከቤቱ የቋጠረውን ይበላል። ለእነሱ ግን ጾም ላይ ነኝ ብሏቸዋል። ቀኑ ሐሙስ፣ ወሩ ጥቅምት፤ ጽጌን ነው እንዳልል ቋጠሮው ጥብስ ነው! ይኼ ደግሞ የየትኛው ቤተ ክርስቲያን ጾም ይሆን ብዬ በልቤ ሳቅኩ።

መፈልፈያዋ ዞራ ቀዩን ገለባ በአንድ በኩል፣ ፍሬውን በሌላ በኩል ስትተፋ ዝናቡ ጀመረ። አድማሱ፣ እስኪያባራ ግባ አለኝ። ገባሁ። ቤቱ ተጠርጓል፤ ሣር ተጎዝጉዟል። በርጩማው ለእንግዳ ተብሎ ከጠዋቱ የታጠበ ይመስላል፤ ገና እርጥብ ነው። ምግብ እንደማይቀርብ ስለማውቅ እፎይ ብዬ ተቀመጥኩበት።

ባለቤቱ ወይዘሮ ዘነበች ከጓዳ ወጣች። ሁለት እጇን በነጠላዋ ጠቅልላ፣ በነጠላው ላይ ትሪ ይዛለች። ትሪው ላይ በላስቲክ ከረጢቱ እንዳለ ዳቦ፣ ክዳኑ ያልተነካ ለስላሳ፣ ከጎኑ መክፈቻ። ፊቴ አስቀመጠችና ተጠንቅቃ ያጠናችው በሚመስል አማርኛ፣

«ከሱቅ ነው» አለችኝ። «የእኛ እጅ አልነካውም።»

እጄን ወደ ኋላ ሰበሰብኩ። አስቤ አይደለም፤ እጄ ከእኔ ቀድሞ ዳቦ አይቶ ሸሸ። እናንተም እባብ ብታዩ እንደዚሁ ታደርጋላችሁ። ዘነበች ግን ያየችው እጄን ነው። አልተቆጣችም። ጥፋቱ የዳቦው ይመስል ዓይኗን ዳቦው ላይ ጣለች።

አሞኝ ነው አልኩ። ስንዴ ያመኛል፣ ሐኪም ከልክሎኛል፣ እናንተን ንቄ አይደለም እያልኩ ቃሉን አከታተልኩት፤ ባከታተልኩት ቁጥር ውሸት እየመሰለ መጣ። አድማሱ አውርቼ እስክጨርስ ጠበቀኝ።

«አዎ» አለ ቀስ ብሎ። «እዚህ ቤት ሲደርስ ሁሉም ሰው ያመዋል።»

በበሩ ወደ ውጭ አየሁ። ዝናቡ ይወርዳል። መስፍን ማንጎው ሥር ቆሟል፤ ውኃው ከፀጉሩ ወደ አንገቱ ይንቆረቆራል፤ እስከ በሩ ያለው ርቀት ሁለት ዝላይ አይሞላም። ያን ጊዜ ነገሩ ሁሉ ተራ በተራ ገባኝ። ግንዱ ላይ የተቀመጠው ቁልፍ፣ የጥቅምት ጾም፣ በነጠላ የተጠቀለሉት እጆች፣ የምስማሩ ሳህን።

እዚያ አገር ከጥንት ጀምሮ «ከእነሱ ጋር ማዕድ አይቆረስም» የተባለባቸው ሰዎች አሉ። ስማቸውን እዚህ አልጽፈውም፤ ከአንዳንድ አፍ ሲወጣ ስሙ ራሱ ስድብ ነው። ምክንያቱን ጠይቁ፤ አንዱ ምን እንደሚበሉ አይታወቅም ይላችኋል፣ ሌላው አያቶቻችን ነግረውን ነው ይላል፣ ሦስተኛው ዛሬ እኮ ቀርቷል ይላችሁና ኩባያውን ያርቃል። በእርግጥ ብዙ ነገር ተለውጧል። ልጆቹ አንድ አግዳሚ ላይ ይማራሉ፣ ቤተ ክርስቲያንም ይሰብካል። ሆድ ግን ከሕግ በኋላ ነው የሚሰማው። እነ አድማሱም ዕድሜ ልካቸውን እንግዳ ሲሸሽ አይተው አይተው፣ ከድስታችን ባይበላ ከሱቅ ዳቦ ምን ይለናል ብለው፣ ያን ሁሉ ጭቃና ያን ጅረት ተሻግረው ከከተማ ዳቦ አምጥተውልኛል። ያን ዳቦ ነው የሸሸሁት።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ዳቦውን አነሣሁት። አፈርኩና አነሣሁት። ከረጢቱን ስፈታ የስንዴው ሽታ አፍንጫዬን መታኝ፤ ነርሷ ወዲያው መጣች፤ «የቤተሰቡ ስልክ?» አለች። ጅረቱ እየሞላ ነው። ብበላ ዛሬ ማታ ይህን መሬት እየቧጨርኩ ነው የማድር። ባልበላ ደግሞ ከዚህ በር እጁን ሰብስቦ ከወጣ ሰው ሁሉ ጋር ነው የምቆጠረው። አንድ ቁራሽ ቆርሼ ወደ አፌ አስጠጋሁ። ከንፈሬ ጋ ሲደርስ መለስኩት።

ዘነበች አየችኝ። ጎንበስ ብላ ዳቦውን ከእጄ ወሰደችው።

«ተወው» አለችኝ። «አትፍራን።»

ሴትዮዋ የፈራሁት እሷን መስሏታል። በሕይወቴ ብዙ ጊዜ ፈርቻለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን ፍርሃቴ አሳፍሮኝ አያውቅም።

የሚሸሽ ሰው መውጫ ይፈልጋል፤ እኔም ዓይኔ ጓዳ ጓዳውን ሲያይ ምድጃው ላይ በእንሰት ቅጠል የተከደነ ድስት አየሁ። በቅጠሉ ዳር እንፋሎት ይወጣል። ምንድን ነው አልኩ። ሁለቱም ተያዩ። ጎደሬ ነው አለ አድማሱ በመጨረሻ፤ ሚስጥር እንደተገኘበት ሰው አንገቱን ሰበር አድርጎ። እንግዳ ሲመጣ የሚደበቀው ጎደሬ! በቴፒ ምድር ያለ ስጋት ልበላው የምችለው ምግብ ከምድጃው ላይ ተደብቆ፣ ሊገድለኝ የሚችለው በክብር ትሪ ላይ ቀርቦልኛል።

«ከእሱ ስጡኝ» አልኩ።

አሁን መፍራት የእነሱ ተራ ሆነ። ዘነበች ወደ ድስቱ ዞራ ቆመች፤ የምትጠብቀው ይመስል። አድማሱ እየተቸገረ ነገረኝ። ከቤታቸው በልቶ የወጣ ሰው መንገድ ላይ ሆዱን ቢቆርጠው፣ ሲሻገር ብርድ ቢመታው እንኳ፣ የሚጠየቁት እነሱ ናቸው። ደግሞ አሞኛል ብለሃል። አሞኛል ያለ ሰው በላ፣ ከዚያ ታመመ፤ ይህን ለማን እናስረዳለን? አለኝ። እነሱ ከድስታቸው በልቼ እንዳልታመም ይፈራሉ፤ እኔ ዳቦውን እፈራለሁ። ሦስት ትልልቅ ሰዎች አንድ ድስት ጎደሬ ከብበን ቆምን።

ዘነበች ቀድማ ወሰነች። ቅጠሉን ገለጠች፣ አንድ ጎደሬ አወጣች፣ እንፋሎቱ እጇን እያቃጠላት ላጠችው፤ ለሁለት ገመሰችና ግማሹን ዓይኔ እያየ በላች። ሌላውን ግማሽ ትሪ ላይ አላኖረችውም። ግንድ ላይም አላኖረችውም። እጄ ላይ አስቀመጠችው።

ድስቱ ፓስታ ተቀቅሎበት ያውቅ ይሆን? ከጎኑ የቀረበው ዳጣ ምን ገብቶበታል? ቢላዋው ምን ቆርጧል? እነዚህን ጥያቄዎች በየሆቴሉ እንደ ዳዊት ስደግማቸው የኖርኩ ሰው ነኝ። ያን ቀን አንዷንም አላነሣሁም። ከፍርሃቴ ጋር አብሬ አላመጥኩት። ሁለተኛ ተላጠልኝ፣ ሦስተኛም። አድማሱ በርጩማውን ጠጋ አድርጎ እጁን ድስቱ ውስጥ ሰደደ። ስለ ቡና፣ ስለ ዝናብ፣ ከተማ ስለሚማሩት ልጆቹ አወራኝ። ሳልጠይቅ መብላት ምን ያህል ጣፋጭ እንደሆነ ረስቼው ነበር፤ እነሱም እንግዳ ሲበላ ማየትን ሳይረሱት አልቀሩም።

ሲያባራ ወጣሁ። መስፍን አፌን አየ፤ ጥግ ላይ ዳጣ ቀርቶብኝ ነበር።

«በላህ?» አለኝ።

«በላሁ።»

ሞተሩን አስነሣ፤ እኔም ከኋላው ወጣሁ። ሲመጣ ጀርባው ደረቴ ላይ ተለጥፎ ነበር፤ ሲመለስ ወደ ፊት ተስቦ መሪው ላይ ተደፍቶ ነዳ። ጅረቱን ስንሻገር ብቻ፣ ፊቱን ሳያዞር፣ እናቱ ይህን ነገር ከሰሙ እሱንም ሳህን እንደሚለዩበት ነገረኝ። ይኼ ሳቂታ ልጅ ከልቡ ፈርቷል። እኔ ደግሞ መንገዱን ሁሉ ሆዴን ሳዳምጥ ነበር፤ ትንሽ ባጉረመረመ ቁጥር እግዜርን ስለ ራሴ ሳይሆን ስለ እነ አድማሱ ለመንኩት። ምንም አልሆንኩም። ሌሊቱን እንደ ሕፃን ተኝቼ አደርኩ።

በማግስቱ ምሳ ሰዓት እትዬ ብርቄ ቤት ገባሁ። ትሪ ከበው የሚበሉት ሰዎች የወትሮዎቹ ናቸው። ከሩቅ ሲያዩኝ «እንብላ!» ብለው የሚጮሁ፣ እጄን ይዘው የሚጎትቱ፣ ጉርሻቸውን በማስነጠስ የማመልጣቸው ሰዎች። ያን ቀን «እንብላ» ያለኝ የለም። ቴፒ ከደረስኩ ጀምሮ ስጸልይ የነበረው ለዚህ ነበርና ጸሎቴ ተሰምቶ ጥግ ላይ ለብቻዬ ተቀመጥኩ።

እትዬ ብርቄ አዲስ የቆርቆሮ ሳህን ይዘው መጡ። እንጀራው ጠቆር ያለ፣ ንጹሕ ጤፍ። ለብቻ ተጋግሯል፤ ሽሮውም በሌላ ድስት ተሠርቷል።

«ይኸው እንደ ለመኑኝ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ለብቻዎ ነው። ሌላ ሰው አይነካውም።»

ላመሰግን ብድግ ብዬ እጄን ዘረጋሁ። ሳህኑን እጄ ላይ አላኖሩትም። የጠረጴዛው ጫፍ ላይ አስቀመጡትና እጃቸውን ሰበሰቡ።

በላሁት። ፉርኖ የለበት፣ ገብስ የለበት፤ በዚህ አገር ላይ እንደዚያ የጸዳ ምሳ በልቼ አላውቅም። ሆዴ ሰላም ሆነ፤ ሌላው ሁሉ ታመመ። ስጨርስ እትዬ ብርቄ ሳህኑን ራሳቸው ውጭ አጥበው ምሰሶው ላይ ሰቀሉት። ሁለተኛ ምስማር ተመትቷል። «ምን በወጣዎት» ያሉኝ ሳህን ጎን የእኔ ሳህን ተንጠለጠለ።

ልቆጣቸው ፈለግኩ። እሳቸው ግን ቀድመው፣ እኔ በበኩሌ ምንም አልል ነበር ወንድሜ፣ እዚያ ቤት መብላትዎን አገር ሰማ፣ ደንበኛ ይሸሸኛል ብዬ ፈርቼ ነው አሉኝ። አመንኳቸው። ደንበኛው ጎረቤቱን ይፈራል፣ ጎረቤቱ የሟች አያቱን ይፈራል፣ መስፍን እናቱን ይፈራል። እኔ ዳቦ የቆረጠ ቢላዋ የምፈራ ሰው፣ በማን ፍርሃት ነው የምስቀው? የእኔን ሐኪም አይቶልኛል፤ የእነሱን ያየላቸው የለም። «የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል» ያሉት አባቶች ሳህንና ምስማርም አብሮ እንደሚያወርስ መናገር ረስተዋል።

ቅዳሜ ገበያ ቀን ነው። ሻንጣዬን አዘጋጅቼ መኪና ስጠብቅ አድማሱ መጣ። ወደ ውስጥ አልገባም። በረንዳው ላይ ወጣና እንደ ለመደው ኩባያውን ራሱ ለማውረድ እጁን ወደ ምሰሶው ሰደደ። እጁ መሀል ላይ ቆመ። ሁለተኛውን ምስማር አየ፤ ሳህኑን አየ፤ እኔን አየኝ።

«ይቅርታ» አለኝ። «በእኛ የመጣ ነው።»

የለም፣ ከመጣሁ ጀምሮ እኔው ራሴ እየለመንኩ ያገኘሁት ነው አልኩት። እውነቴን ነበር። አድማሱ ግን ሳቀ፤ ሲስቅ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። አላመነኝም። ከብብቱ ሥር በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ነገር አውጥቶ እጄ ላይ አኖረው። ጎደሬ ነው፣ ገና ለብ ያለ።

«ዘነበች ናት የላከችው» አለኝ። «ስንዴ ያመዋል፣ መንገድ ላይ ይብላው ብላለች። ድስቱን በአመድ አሽታ አጥባዋለች። ሌላም በለው ብላኛለች።»

«ምን በለው አለችህ?»

«ሌላ ምንም አልነካውም፣ የነካው የእኔ እጅ ብቻ ነው በለው ብላለች።»

በዚያ አገር ስንዴ እንደሚያመኝ ያመነችኝ እሷ ብቻ ናት። ጥቅሉን ይዤ ወደ ምሰሶው ሄድኩና ሳህኔን አወረድኩ። እትዬ ብርቄ ከበሩ ላይ ቆመው ያያሉ፤ ከውስጥ ትሪ የከበቡት አንገታቸውን አስግገዋል። ፈራሁ ብል ውሸት አይደለም። አድማሱም የእሱን ሳህን ካወረደ በኋላ ትንሽ አሰበና መልሶ ምስማሩ ላይ ሰቀለው። አንድ ሳህን ለሁለታችን በቃን።